ድመቱን ያነሣው እጅ

ሦስት ሳጥኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በመጀመሪያው ውስጥ ፀጉሩ የተጠቀለለ፣ ዐይኑ የፈጠጠ ጎልማሳ ጠረጴዛ ተደግፎ አንድ ነገር ይናገራል። በሁለተኛው ያው ሰው፣ ያው ጠረጴዛ፤ ንግግር የለም። በሦስተኛውም የለም። ሰውየው የሳጥኑን ግራ ጥግ ይዟል። ቀኙ ግማሽ ባዶ ነው፤ ከጠረጴዛው ጠርዝና ከአንድ ወጥ ቀለም በቀር የሚታይ ነገር የለበትም። ይህ ቀልድ ነው ተብሎ የቀረበ ሥራ ነው። ሳቁ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ትንሽ ያሳፍራል፤ የምንስቀው ማንም በማይመልስለት ቤት ውስጥ ብቻውን በሚያወራ ሰው ነውና።

የሥራው ስም «ጋርፊልድ ማይነስ ጋርፊልድ» ነው፤ ጋርፊልድ ከጋርፊልድ ሲቀነስ እንደ ማለት። በኢንተርኔት ላይ ማውጣት የጀመረው ዳን ዋልሽ የሚባል የደብሊን ሰው ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2008 ነው። ያደረገው ነገር ተነግሮ ለማለቅ ብዙ ቃል አይፈጅም። አሜሪካዊው ጂም ዴቪስ ለሠላሳ ዓመት ገደማ በየቀኑ ያወጣውን የድመት ኮሚክ ወሰደ፤ ድመቱን አጠፋ፤ የቀረውን አሳየን። የራሱን ቀልድ አልጨመረም፣ ከሰውየው አፍ የወጣ ቃል አልለወጠም፣ አዲስ ገጸ ባሕርይ አላስገባም።

ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ ሙያው ምኑ ላይ ነው? ላጲስ የያዘ ልጅ የሚሠራው አይደለም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አድናቂዎች ከሚወዱት ሥራ ተነሥተው የሚሠሯቸው ኮሚኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት በመጨመር ነው። ጀግናውን ይድሩታል፣ ከሞት ያስነሡታል፣ ከሌላ መጽሐፍ ጀግና አምጥተው ያጋጥሙታል፤ ፍቅራቸው ሲበዛ ሥራው ይጠፋል። ዋልሽ የገባው በተቃራኒው በር ነው። በዚያ በር የገባ ሰው ደግሞ ስሕተቱን የሚሸፍንበት ነገር አያገኝም።

ብርቱካናማውን ድመት የማያውቅ አንባቢ ብዙ አይኖርም። በልጆች ቦርሳ ላይ፣ በቴሌቪዥን ካርቱን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ፊልምም ታይቷል። ሰነፍ ነው፣ ሆዳም ነው፣ ላዛኛ ይወዳል፣ ሰኞን ይጠላል። ጌታው ጆን አርበክል ይባላል፤ ሥራው ካርቱን መሣል ነው፤ ይህን እንኳን እኛ ኮሚኩ ራሱም ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይመስላል። ኮሚኩ እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1978 በ41 የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ጀመረ፤ ኋላም በብዙ ጋዜጦች በመታተም የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ።

የጋዜጣ ኮሚክ ቦታው ጠባብ ነው። ሥዕሉ ተጨምቆ ስለሚታተም ዝርዝር የበዛበት ሥራ ወረቀት ላይ ሲደርስ ጥቁር እድፍ ይሆናል። ዴቪስ ይህን ጠባብነት አልታገለውም፤ ተመቻቸበት። ጥቂት መስመር፣ ምንም ዕቃ ያልተሰቀለበት ግድግዳ፣ ሰውና ድመት የሚገናኙበት አንድ ጠረጴዛ ይበቃዋል። ጠረጴዛው እግር እንኳ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳጥኑ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ አንድ መስመር ነው። ከጊዜ በኋላ ዴቪስ ቀልዱን እየጻፈና ረቂቁን እየነደፈ በቀለም የሚያሰምሩት ረዳቶቹ ስለሆኑ፣ መስመሩ የአንድ ቤት ባሕርይ አለው፤ ከሳጥን ሳጥን ብዙ አይዘባረቅም። ይህ ሁሉ ለጋዜጣ አንባቢ ምቾት የተደረገ ነው። አንድ ቀን ድመቱን ለሚያነሣው እጅም እንደሚመች ያሰበ ግን አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሕግ ደግሞ አለ። ጆን ሲናገር ቃሉ ጭራ ባለው አረፋ ውስጥ ይጻፋል፤ ጭራው ወደ አፉ ያመለክታል። ድመቱ አፉን አይከፍትም። የእሱ ቃል የሚጻፈው በደመና ውስጥ ነው፤ ከደመናው ወደ ጭንቅላቱ ትንንሽ ክቦች ይወርዳሉ፤ ያስባል ማለት ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን ጆን የድመቱን መልስ ሰምቶ አያውቅም። እርግጥ ዴቪስ ሲመቸው ሕጉን ጥሶ ጆንን እንደ ሰማ ሰው የሚያስመልስበት ጊዜ አለ፤ ቢሆንም ሕጉ ሕግ ነው። የድመቱን መልስ የምንሰማው እኛ ነን። ለዓመታት ከጆን ጀርባ ከድመቱ ጋር ስንጠቃቀስ ኖረናል። እንግዲህ ዋልሽ ድመቱን ሲያነሣ ጆንን ብቸኛ አላደረገውም፤ ጆን ቀድሞም ብቸኛ ነበር። የተነሣው የእኛ ተባባሪ ነው።

የኮሚኩ የኋላ ታሪክም ይህንኑ የሚደግፍ ነገር አለው። ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1976 በኢንዲያና ግዛት «ፔንድልተን ታይምስ» በሚባል የአካባቢ ጋዜጣ ላይ ሥራውን ሲጀምር የኮሚኩ ስም «ጆን» ነበር። ባለታሪኩ ሰውየው ነው፤ ድመቱ አጃቢ። ድመቱ ቀልዱን ሁሉ ከጌታው እየነጠቀ ስላስቸገረ በመጨረሻ ስሙም ወደ እሱ ዞረ። በአገር አቀፍ ደረጃ ሲወጣ ደግሞ ላይማን የሚባል ባለ ሪዝ ጓደኛ ከጆን ጋር ይኖር ነበር። የገባው ለአንድ ነገር ነው፤ ጆን የሚያናግረው ሰው እንዲኖረው። ኦዲ የሚባለው ቢጫ ውሻም የመጣው ከላይማን ጋር ነው። ዴቪስ ቆይቶ ሰውየውና ድመቱ ያለ ሦስተኛ ሰው እንደሚግባቡ ተረዳ፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 በኋላ ላይማን ከዕለታዊው ታሪክ ወጣ። ስንብት የለ፣ ምክንያት የለ፤ ውሻው ብቻ ቀረ። ጆንን ከሚያናግረው ሰው መለየት የጀመረው ባለቤቱ ራሱ ነው ማለት ነው። ደብሊናዊው አድናቂ የወሰደው ቀጣዩን እርምጃ ነው፤ ስሙ «ጆን» የነበረውን ኮሚክም ለጆን መለሰለት።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንጠጋ።

አንዱን ሳጥን አጉልቶ ላየው ሰው ድመቱ ባለበት ቦታ ላይ ሦስት ነገር ተደራርቧል። የድመቱ አካል አለ፤ ከበላዩ የሐሳቡ ደመና አለ፤ ከኋላው የሚያልፈው የጠረጴዛ መስመር አለ። ሁለቱ ይጠፋሉ። ሦስተኛው ግን መጀመሪያውኑ የተቋረጠ ነው፤ የሣለው ሰው ከድመቱ ጀርባ ያለውን አልሣለምና። ድመቱ ሲነሣ መስመሩ ላይ ክፍተት ይቀራል፤ ያን ክፍተት መሙላት ግድ ነው።

መስመሩ ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ግን በእጅ የተሰመረ ነው። አንዱ ዳር ላይ ይወፍራል፣ ወደ መሐል ይሳሳል፣ አንዳንድ ቦታ እምብዛም በማይታይ ልክ ዘንበል ይላል። በኮምፒውተር መስመር ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ያገናኘው እንደሆነ የተመልካች ዐይን ወዲያው ይደናቀፍበታል፤ በምን እንደ ተደናቀፈ ግን አያውቅም። የተቀደደ ጋቢ የሚጠግን ጥሩ ሰፊ ክሩን ከዚያው ከጋቢው ጫፍ መዝዞ እንደሚያወጣ፣ እዚህም የሚያዋጣው ከዚያው ሳጥን ሌላ ቦታ የመስመር ቁራጭ ቀድቶ በክፍተቱ ላይ ማስቀመጥ፣ ውፍረቱን ከግራና ከቀኙ ጋር ማስማማት ነው። የዚህ ሥራ ምስጋና አለመታየት ነው። ጥሩ ሲሆን ማንም አያየውም፤ መጥፎ ሲሆን ሌላ ነገር አይታይም።

ቀለሙ ብዙ አያደክምም። ግድግዳው አንድ ወጥ ስለሆነ ከጎኑ ያለውን ቀለም ወደ ባዶው ቦታ ማፍሰስ ይበቃል። ጣጣው ያለው ድመቱና ጆን በሚነካኩበት ቦታ ነው። ጅራቱ በጆን እጅጌ ላይ ካለፈ፣ ጆሮው የጆንን አገጭ ከሸፈነ፣ ድመቱን ማንሣት ማለት ያልተሣለ እጅጌና ያልተሣለ አገጭ መሣል ማለት ነው። ያን ጊዜ አጥፊው ሠዓሊ ይሆናል፤ የተመልካቹም እምነት ይላላል። ምክንያቱም የዚህ ሥራ ውል «የምታዩት ሁሉ ቀድሞም እዚያ ነበር» የሚል ነው። አንድ የሐሰት እጅጌ ውሉን ያፈርሰዋል።

ስለዚህ ከባዱ ሥራ ላጲሱን ከማንሣት በፊት ያለው ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 አጋማሽ እስከ 2008 መጀመሪያ ድረስ በቀን አንድ ብለን ብናሰላ ከ10 ሺህ 8 መቶ በላይ ኮሚክ ወጥቷል። ከዚህ ክምር ውስጥ ጆን ጭራሹን የሌለባቸው አሉ፤ ድመቱ ከሸረሪት ጋር፣ ከውሻው ጋር፣ ክብደቱን ከሚነግረው ሚዛን ጋር የሚጣላባቸው። እነዚህ ሲቀነሱ የሚቀረው ግድግዳ ነው። ጆን ኖሮም ነገሩን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ድመቱ የሆነባቸው አሉ። ድመቱ ኬክ ወርውሮ የጆን ፊት ላይ ለጠፈ እንበል፤ ድመቱን ካነሣን ኬኩ ከየት መጣ? ኬኩን ብንተወው የመናፍስት ታሪክ ይሆንብናል። ኬኩንም ብናነሣው የጆንን ፊት እንደ አዲስ መሣል ሊኖርብን ነው። የሚያዋጡት ጆን ራሱ ወሬ የሚጀምርባቸው፣ ድመቱ ዳር ተቀምጦ አንድ ቃል ብቻ ጣል የሚያደርግባቸው ናቸው። እነሱን አንድ በአንድ ከክምሩ የሚለቅም ሰው ኮሚክ እያነበበ ያለው ከእኛ በተለየ ዐይን ነው፤ ቀልዱን አያይም፤ ቀልዱ ሲነሣ ቆሞ የሚቀረውን ነው የሚፈልገው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ግን ያልተደረገ ነገር ነው። ዴቪስ ሳጥኑን ሲያቅድ ለሁለት ነው ያቀደው። ጆን ግራ፣ ድመቱ ቀኝ፣ ከላይ ለደመናው የሚሆን ሰፊ ቦታ። ድመቱ ሲነሣ ያ ቦታ እንዳለ ይቀራል። ጆን የሚያየው ወደዚያ ነው፤ አረፋው የተቀመጠውም ለሌላ ሰው ቦታ ትቶ ነው። ጆንን ወደ መሐል መጎተት በኮምፒውተር የደቂቃ ሥራ ነው። ሥዕል የተማረ ሰው ሁሉ እጁ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሳጥኑ አንድ ወገን አጋድሏልና። ጆን መሐል ቢመጣ ሳጥኑ ይስተካከል ነበር፤ ሥራውም ያኔ ያልቅለት ነበር። ዋልሽ ጆንን አልነካውም። ቀኝ በኩል ያለው ባዶ፣ ሰው ይኖርበታል ተብሎ የተሰናዳና ሰው ያልመጣበት ባዶ ነው። እንዲህ ያለውን ባዶ ፈልጎ መሣል አይቻልም፤ ሌላ ሰው ለሌላ ዓላማ የሠራውን ማግኘት ብቻ ነው የሚቻለው።

ሳይነካ የቀረው ሁለተኛው ነገር የጆን ፊት ነው። በዋናው ኮሚክ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ድመቱ በሐሳቡ ይሳደባል፤ ጆን ደግሞ ቃሉን ባይሰማም ፊቱ ይከፋል፤ አፉ ትንሽ መስመር ትሆናለች፣ ዐይኑ ወደ አንባቢው ይመለሳል። ስድቡ ጠፍቶ የተሰደበው ሰው ፊት ብቻ ሲቀር ቅሬታው ሌላ ባለቤት ያጣል፤ ጆን የተከፋው በገዛ ራሱ ቃል ይመስላል። ተናገረ፣ ሰማው፣ አላማረውም። አንድም መስመር ሳይለወጥ የዚያ ፊት ትርጉም ተገለበጠ። ተዋናዮች ይህን ለማምጣት ብዙ ይደክማሉ።

ጊዜውም እንዲሁ ነው። በኮሚክ ውስጥ ጊዜ የሚለካው በቦታ ነው፤ አንድ ሳጥን አንድ ቅጽበት ነው። ዴቪስ የሚሠራበት ምት የታወቀ ነው፦ ወሬ፣ ፋታ፣ ቀልድ። ሦስተኛው ሳጥን ላይ መሳቅ የአንባቢ ልማድ ሆኗል። ዋልሽ ልማዱን ትቶልን ቀልዱን ሲወስደው ፋታው ሁለት ሳጥን ይሆናል፤ እኛም ልንስቅ በተዘጋጀንበት ቦታ ላይ ዝምታ ይጠብቀናል። ከሁሉ የሚደፍሩት ደግሞ ጆን እንኳ ያልቀረበት ሳጥን ያለባቸው ናቸው። መስመርና ቀለም ብቻ። ምንም የማይደረግበት ሳጥን በጋዜጣ ኮሚክ ውስጥ የቦታ ብክነት ነው፤ የትኛውም አርታኢ አያሳልፈውም። እዚህ ግን ከሦስቱ ሁሉ የሚያስቀው እሱ ይሆናል።

እዚህ ላይ «ሰምና ወርቅ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። በቅኔ ሰሙንም ወርቁንም የሚሠራው አንድ ባለቅኔ ነው፤ ወርቁን ያስቀመጠው ሆነ ብሎ ነው። ዴቪስ ግን የደበቀው ነገር የለም። ከሥር የተገኘው የሥራው አጥንት ነው እንጂ የሥራው ምሥጢር አይደለም።

ይህን ድመት ዝም ለማሰኘት ያሰበ ዋልሽ ብቻ አልነበረም። ከእሱ በፊት የሐሳቡን ደመና ብቻ አጥፍተው ድመቱን እንዳለ የተዉ ነበሩ። የካርቱኑን ድመት አንሥተው በቦታው እንደ እውነተኛ ድመት አድርገው የሣሉም ነበሩ። ሁለቱም ብልህ ሐሳቦች ናቸው፤ ሁለቱም ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል። ዝም ያለ ድመት አሁንም ድመት ነው። ድመት ያሳደገ ሰው ሁሉ ድመቱን ያናግራል፤ ነውር የለውም፤ ስለዚህ ጆን ጤነኛ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ቀልዱም ይለዝባል። እንደ እውነተኛ ድመት የተሣለው ደግሞ በሁለት ዓይነት መስመር የተሠራ ሳጥን ይሆናል፤ ዐይናችን ከጆን ይልቅ ወደ አዲሱ ድመት ይሄዳል፤ ሠዓሊውን እናደንቃለን፤ ጆንን እንረሳለን።

ያው ቅነሳ በሌላ ኮሚክ ላይ ሲሞከር ለምን እንደማይይዝ ማየትም ጠቃሚ ነው። ቢል ዋተርሰን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1995 በሠራው «ካልቪን ኤንድ ሆብስ» ውስጥ ነብሩ ሆብስ ከልጁ ከካልቪን ጋር ብቻውን ሲሆን ሕያው ነው፤ ሌላ ሰው ሲመጣ የጨርቅ አሻንጉሊት ነው። ጥርጣሬውን ዋተርሰን ራሱ በሥዕሉ ውስጥ አስቀምጦታል። ነብሩን የሚያነሣ ሰው ደራሲው ቀድሞ የነገረንን መልሶ ይነግረናል። ደግሞም የዋተርሰን ጫካና በረዶ በብሩሽ የተሠራ ነው፤ ከነብሩ ጀርባ ያለውን ዛፍ ማን ይሣለዋል? እያንዳንዱ ሥራ የሚቀነስበት የራሱ ቦታ አለው፤ ብዙዎቹም ጭራሹን የላቸውም።

ሳይሥሉ ኮሚክ የሚሠሩ አድናቂዎች ሁሉ በመቀነስ አይሠሩም። በመጨመር ከሠሩት መካከል ያለ ማመንታት የማደንቀው ሻመስ ያንግ የሚባለውን አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2006 እስከ ሴፕቴምበር 2007 በ144 ክፍሎች ያወጣው «ዲ ኤም ኦፍ ዘ ሪንግስ» ከፒተር ጃክሰን ሦስት «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች በተወሰዱ ምስሎች የተሠራ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ቶልኪን መጽሐፉን ባይጽፈው ኖሮ፣ ታሪኩም አንድ የጨዋታ መሪ ጠረጴዛ ዙሪያ ለተሰበሰቡ ጓደኞቹ የሚያጫውተው የ«ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ጨዋታ ቢሆን ኖሮስ? መሪው የጥንት ነገሥታትን የዘር ሐረግ ለመተረክ ይጓጓል፤ ተጫዋቾቹ የሚዘረፍ ወርቅ የት እንዳለ ብቻ ነው መጠየቅ የሚፈልጉት።

ሦስቱ ፊልሞች በሲኒማ በታዩበት ርዝመት ከ9 ሰዓት በላይ ናቸው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ስለሆነ ከ8 መቶ ሺህ የሚበልጥ ምስል ይወጣቸዋል። ለኮሚክ ሠሪ ሀብት ይመስላል፤ ቀርቦ ለሚያየው ግን ድህነት ነው። ተዋናዩ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ሲናገር አፉ ቆሞ ለመታየት በማይሆን ቅርጽ ላይ ይያዛል፤ ዐይኑ ግማሽ ይከደናል። ከዚያ ሁሉ ተርፎ የቀረው ፊት ስለ ዓለም ፍጻሜ ለመናገር የተቀረጸ ነው፤ ያንግ ደግሞ የሚፈልገው ስለ ዳይስ መጥፎ ዕጣ ለሚያማርር ተጫዋች ነው። ብልሃቱ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ፊቱ ይበልጥ በከበደ ቁጥር ወሬው ይበልጥ ይቀላል። ከዚያ ላይ የፊልሙ ምስል ስፋቱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ አረፋ ለመስቀል ከራስ በላይ ቦታ የለውም። ፊቱ ወደ አንድ ዳር የሆነበትን ምስል መርጦ ወሬውን በሌላው ዳር መደርደር ያስፈልጋል። ያንግ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፏል፤ መንገዱ ግን ቀጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው «ዳርዝስ ኤንድ ድሮይድስ» ያንኑ ሐሳብ ወደ «ስታር ዋርስ» ፊልሞች ወስዶታል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው በሳቅ ያንግ ይበልጣል፤ በሙያ ግን ዋልሽን አስቀድማለሁ። በያንግ ሥራ አንዱን ምስል በሌላ ምስል መተካት ይቻላል፤ ወሬው ይሸከመዋል። በዋልሽ ሳጥን ውስጥ የሚተካ ነገር የለም።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በአንድ መቀመጫ ብዙ ላነበበ ሰው ሥራው ይደክማል፤ ምቱ ከታወቀ በኋላ ዝምታውም ይጠበቃል፤ የተጠበቀ ዝምታ ደግሞ ከተጠበቀ ቀልድ የባሰ ነው። በቀን አንድ ማየት ይበቃል፤ ዋናውም የተሠራው ለዚያ ነው። ከምርጫዎቹም መካከል ጆን የሚጮኽባቸው፣ የሚንፈራገጥባቸው፣ ያበደ የሚመስልባቸው አሉ፤ ብዙ ሰው የሚቀባበለውም እነዚህን ነው። ለእኔ ደካሞቹ እነሱ ናቸው። ጩኸት ሲኖር ባዶው ቦታ አይሰማም፤ ሰውየውን በሽተኛ ብሎ መገላገልም ይቀልለናል። የሚከብዱት ጆን ተራ ነገር የሚናገርባቸው ናቸው፤ ስለ ካልሲ፣ ስለ ምሳ፣ ትናንት ስላየው ነገር። እንዲህ የሚያወራ ሰው በሽተኛ አይደለም፤ ሁላችንም ቤት ያለ ሰው ነው።

የባለቤቱ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። ያኔ ሥራው የዴቪስ ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱም ገበያቸው የደራ ነበር። ጠበቃ ልኮ ማስጠፋት ይችል ነበር፤ በዚህ ዓይነት ነገር የተለመደውም እሱ ነው። ዴቪስ ግን ወደደው፤ በአደባባይም አደነቀው። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008፣ ባላንታይን የተባለው አሳታሚ «ጋርፊልድ ማይነስ ጋርፊልድ»ን በመጽሐፍ አወጣው፤ የተቀነሰው ከዋናው ጋር አብሮ ታትሟል። የገዛ ድመቱ የጠፋበትን ገጽ ከገዛ ሥራው ጋር አስተያይቶ እንዲታተም የፈቀደ ደራሲ የመስመሩን ጥንካሬ የሚያውቅ ሰው ነው።

መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዋናው አትጀምሩ። ድመቱን ቀድማችሁ ካያችሁት ባዶው ቦታ ላይ እናንተው መልሳችሁ ታስቀምጡታላችሁ፤ የተሠራውንም ሥራ ሳታዩት ታልፋላችሁ። መጀመሪያ የተቀነሰውን ተመልከቱ፤ የጠረጴዛውን መስመር በጣት ተከትላችሁ የት ላይ እንደ ተቀጠለ ፈልጉ፤ ካጣችሁት በኋላ ወደ ዋናው ተሻገሩ።